ትንሹ ባቡር ለምን ቆመ?

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላሉ እናቶቻችን። የፈሰሰው እህል እንደ ሆነ ደግ ነው፤ ቢደክሙም ተለቅሞ ወደ ሰፌዱ ይመለሳል። በኤሌክትሪክ ሥራ የሚደረግ ችኮላ ግን ከዚህ የከፋ ነው፤ የተቃጠለ ዕቃ ተለቅሞ አይመለስምና። የዚህ ወር ጽሑፋችን ስለ አንድ ትንሽ መጫወቻ ባቡር ነው። ነገሩ የልጆች ቢመስልም ቁም ነገሩ ለአባቶችና ለእናቶችም ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

ከላሊበላ ከተማ አንድ የቤተሰብ አባት የሚከተለውን ጽፈውልናል። በጀርመን አገር የምትኖር እኅታቸው ለ14 ዓመት ልጃቸው በቤቷ ለብዙ ዘመን የቆየ የኤሌክትሪክ ባቡር ከነሐዲዱና ከነማዘዣ ሣጥኑ ላከችለት። ሣጥኑ አዲስና ዲጂታል ነው፤ ፉርጎዎቹን የሚስበው ሎኮሞቲቭ ግን አሮጌ ስለ ሆነ ዲኮደር የሚባለው ትንሽ ዕቃ አልነበረበትም። እኅትዮዋም ዲኮደሩን ለብቻው ጨምራ ላከች። አባትና ልጅ ተረዳድተው ሽቦዎቹን በየዱ፤ ኃይል ሲለቁበት ግን የተቃጠለ ነገር ሸተተ፥ ጥቂት ጭስም ወጣ፥ ባቡሩም ከዚያ ወዲያ አልተንቀሳቀሰም። እኅትዮዋ አዝና ሁለተኛ ዲኮደር ላከች። አባት ግን ይህን በሣጥን ቆልፈው አስቀምጠው «እንዳትነካው» ብለው ልጁን ከለከሉት። አሁን የሚጠይቁን፥ «የመጀመሪያው የተበላሸ ዕቃ ኖሮ ነውን? ሁለተኛውንስ ልጄ ይሞክረው ወይስ ተቆልፎ ይቅር?» እያሉ ነው።

ለጠያቂያችን መልሳችንን ከፍሬ ነገሩ እንጀምራለን። ዲኮደሩ ከፋብሪካው ተበላሽቶ መምጣቱ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነው። በአሮጌ ሎኮሞቲቭ ላይ ሲገጠም ወዲያውኑ የጨሰ ዲኮደር ግን ብዙውን ጊዜ ገዳዩ ሎኮሞቲቩ ውስጥ ነው። ገዳዩ ሳይገኝ ሁለተኛው ቢገጠም እርሱም በዚያው ቅጽበት ይሞታል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «በማን እጅ ይገጠም?» ሳይሆን «የመጀመሪያውን ምን ገደለው?» የሚለው ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንደ ተባለ፥ መጀመሪያ በሽታውን እንግለጥ።

አስቀድመን ስለ መጫወቻው ጥቂት እንበል። ከእነዚህ ትንንሽ ባቡሮች ብዙዎቹ የሚሠሩት ኤች ኦ በሚባለው ልክ ነው፤ ይኸውም ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ያነሱ ናቸው ማለት ነው። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። ልጆች ይህን ቁጥር በ87 ቢያበዙት 1435 ሚሊ ሜትር ያህል ያገኛሉ። ይህም ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል አልፎ በወልድያ አጠገብ እስከ ሐራ ገበያ የተዘረጋው ሐዲድ ስፋት ነው። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ምድር ባቡር ግን የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ብቻ ነበር። እንግዲህ ልጁ በወለሉ ላይ የዘረጋው ሐዲድ ከላስታ ተራራ በታች ያለው የሐራ ገበያው መስመር ታናሽ ወንድም ነው።

ሎኮሞቲቩ በጥንቱ አሠራር የሚሄደው እንዲህ ነበር። በሁለቱ ሐዲዶች ላይ እስከ 12 ቮልት የሚደርስ ኃይል ይለቀቃል። ኃይሉ ከመንኰራኵሮቹ ወደ ሞተሩ በቀጥታ ይገባል። ቮልቱ ሲጨምር ባቡሩ ይፈጥናል፤ ሲቀንስ ይዘገያል፤ የሐዲዶቹ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ሲለዋወጡ ወደ ኋላ ይሄዳል። በዚህ አሠራር በአንድ ሐዲድ ላይ ሁለት ሎኮሞቲቮች ቢቆሙ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ፥ አብረውም ይቆማሉ፤ አንዱን ለይቶ ማዘዝ አይቻልም።

ዲጂታል የሚባለው አሠራር ይህን ለወጠው። በርንድ ሌንዝ የተባለ ጀርመናዊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ መሠረቱን ሠራ፤ በ1990ዎቹም የአሜሪካ የትንንሽ ባቡር ወዳጆች ማኅበር በዚሁ ላይ ተመሥርቶ ለሁሉ የሚሆን ደንብ አወጣ። በዚህ ደንብ በሐዲዱ ላይ ዘወትር ከ14 እስከ 16 ቮልት የሚሆን ኃይል አለ። ኃይሉ ግን በእጅግ ፍጥነት አቅጣጫውን እየለዋወጠ ይመላለሳል፤ በምልልሱም ርዝመት መልእክት ይጻፍበታል። ግማሽ ምልልሱ የሰከንድ 58 ሚሊዮንኛ የሆነ እንደ ሆነ 1 ተብሎ ይነበባል፤ 100 ሚሊዮንኛ ወይም ከዚያ የረዘመ እንደ ሆነ 0 ተብሎ ይነበባል። ከነዚህ 1ና 0 ቁጥሮች «አንተ 3 ቁጥር ሎኮሞቲቭ፥ ወደ ፊት ሂድ» የሚል ትእዛዝ ይሰካካል።

ቅኔ ቤት የዋለ አንባቢ ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። በአንድ ሐዲድ ላይ ሰምና ወርቅ አብረው ይጓዛሉ። ሰሙ ሞተሩን የሚያዞረው ኃይል ነው፤ ወርቁ በውስጡ የተሰወረው ትእዛዝ ነው። ዲኮደር ማለትም ፈቺ ማለት ነው። በሎኮሞቲቩ ሆድ ውስጥ ተቀምጦ መልእክቱን ይፈታል፤ በስሙ የመጣውን ብቻ ይቀበላል፤ ከዚያም ለሞተሩ የሚገባውን ያህል ኃይል መጥኖ ይሰጠዋል። ስለዚህ በሐዲዱና በሞተሩ መካከል ያለው መንገድ አንድ ብቻ መሆን አለበት፤ እርሱም ዲኮደሩ ነው።

የመጀመሪያው ዲኮደር የሞተበት ምክንያት ከዚህ ላይ ይገለጣል። በብዙ አሮጌ ሎኮሞቲቮች ከሞተሩ ሁለት ካርቦኖች አንዱ የተያያዘው ከሻንሲው፥ ማለት ከብረት አካሉ ጋር ነው። ሻንሲው ደግሞ በአንድ ወገን ካሉት መንኰራኵሮች ጋር ይገናኛል። በጥንቱ አሠራር ይህ ጉዳት አልነበረውም፤ እንዲያውም አንድ ሽቦ ያተርፍ ነበር። ዲኮደር ሲገባ ግን የሐዲዱ ኃይል በዋናው በር መግባቱን ትቶ በሻንሲው በኩል ዞሮ ኃይል ሊወጣበት በሚገባው በር ይገባበታል። ዲኮደሩም ይህን አይችለውምና በቅጽበት ይቃጠላል።

የላሊበላን ቤተ ጊዮርጊስ ያነጹት ጠራቢዎች ከሁሉ አስቀድመው ዙሪያውን ቆፍረው ሕንፃውን ከእናት ዐለቱ ለዩት፤ የዝናቡም ውኃ የሚሄድበትን ቦይ አበጁ። ሕንፃው በመሠረቱ ከዐለቱ ጋር አንድ እንደ ሆነ ነው፤ በአራቱ ማዕዘን ግን ተለይቶ ቆሟል። የእኛም ሥራ እንዲሁ ነው። ሞተሩ በሻንሲው ላይ ታስሮ ይቀመጣል፤ የኤሌክትሪኩ መንገድ ግን ከሻንሲው ፈጽሞ ተለይቶ በተሠራለት ቦይ ብቻ መሄድ አለበት።

ይህን ለመመርመር ቴስተር የተባለው መለኪያ ይበቃል። ዲኮደሩ ገና ሳይገጠም፥ በሐዲዱም ላይ ኃይል ሳይኖር፥ የአምፖሎቹንም ሽቦ ለጊዜው ፈትተን፥ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በአንዱ ካርቦን ላይ ሌላውን በሻንሲው ላይ እናሳርፋለን። ከዚያም በግራና በቀኝ መንኰራኵሮች ላይ በተራ እንሞክራለን። ሁለተኛውንም ካርቦን እንደዚሁ። ቴስተሩ በአንዱም ቦታ ቢጮኽ መንገዱ አልተለየም ማለት ነው። ቴስተር የሌለው ቤተሰብ ሁለት ባትሪ ድንጋይና አንድ የባትሪ አምፖል በሽቦ አያይዞ ሁለት ጫፍ ቢያስቀር ያው ሥራ ይሠራለታል፤ አምፖሉ ከበራ መገናኘቱን ያውቃል። ይህ የአምፖል ምርመራ ግን ዲኮደሩ ከተገጠመ በኋላ አይደረግም።

መንገዱ ያልተለየ ሆኖ ከተገኘ ሞተሩን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው ነገር ይፈለግ። ብዙ ጊዜ አንዲት ሞላ፥ ወይም አንድ ቁራጭ ናስ፥ ወይም ሞተሩን የያዘው ብሎን ነው። ሞላዋን በፕላስቲክ ቱቦ ማልበስ፥ ናሱን ቆርጦ ማንሣት፥ ብሎኑን በፕላስቲክ ብሎን መለወጥ ይቻላል። ይህ ከተደረገ በኋላ ምርመራው እንደ ገና ከመጀመሪያው ይደገማል። ቴስተሩ በሁሉም ቦታ ዝም ሳይል ዲኮደሩ ከሣጥኑ አይውጣ።

ሁለተኛው ምርመራ የሞተሩ ጉልበት ነው። በየዲኮደሩ ላይ የሚችለው የኃይል ልክ ተጽፏል፤ ለኤች ኦ ልክ ከሚሠሩት ብዙዎቹ 1 አምፔር ያህል ይችላሉ። አሮጌ ሞተር ግን ሲደክም ከዚህ በላይ ሊጠጣ ይችላል። ስለዚህ ለሞተሩ ብቻ 12 ቮልት ሰጥተን፥ ቴስተሩን በአምፔር መለኪያው ላይ አድርገን፥ መንኰራኵሩን በጣት ለ1 ሰከንድ ያህል እናቆመዋለን። የሚታየው ቁጥር በዲኮደሩ ላይ ከተጻፈው የበለጠ እንደ ሆነ ሞተሩ መጽዳትና ዘይት መቀባት፥ ወይም የበለጠ የሚችል ዲኮደር ያስፈልገዋል።

አሁን ወደ ሽቦዎቹ እንምጣ። ደንቡ ለእያንዳንዱ ሽቦ ቀለም ስለ ሰጠው ልጅም ሊያጠናው ይችላል። ቀይ ከቀኝ ሐዲድ፥ ጥቁር ከግራ ሐዲድ ኃይል ይቀበላሉ። ብርቱካናማና ግራጫ ወደ ሞተሩ ይሄዳሉ። ነጩ ለፊት መብራት፥ ቢጫው ለኋላ መብራት ነው። ሰማያዊው የመብራቶቹ ሁሉ የጋራ ፖዘቲቭ ነው። ከነዚህ ሁሉ የሚያስፈራው ስሕተት ብርቱካናማውን ወይም ግራጫውን ከሐዲድ ጋር ማገናኘት ነው፤ ይህ ቀድሞ የተናገርነውን ሞት በሌላ በር ያመጣዋልና። ሽቦዎቹ በካውያ ሲበየዱ እያንዳንዱ ብየዳ ሲሞቅ በሚኮማተር ቱቦ ይሸፈን፤ ራቁቱን የቀረ ሽቦ ከሻንሲው ጋር ይነካካልና። ዲኮደሩን ግን በናስትሮ ደራርቦ መጠቅለል አይገባም፤ ሲሠራ ይሞቃል፥ ሙቀቱም መውጫ ያሻዋል። ሙቀት የሚችል ስስ ፕላስቲክ ከሥሩ አንጥፎ ብረት እንዳይነካው ማድረግ ይበቃል።

ገጠማው ሲያልቅ ባቡሩን ወዲያውኑ በዋናው ሐዲድ ላይ ማቆም ሁለተኛው ችኮላ ነው። በማዘዣ ሣጥኖች ብዙዎቹ ላይ የመሞከሪያ ሐዲድ የሚባል መውጫ አለ። በዚህ ላይ የሚለቀቀው ኃይል ጥቂት ስለ ሆነ ሽቦ ተሳስቶ እንኳ ቢገኝ ብዙውን ጊዜ ዲኮደሩ ከመቃጠል ይድናል። ሎኮሞቲቩን በዚህ ላይ አቁመን ቁጥሩን እንዲነግረን እንጠይቀዋለን። ዲኮደር ከፋብሪካ ሲወጣ ቁጥሩ 3 ነው። «3» ብሎ ከመለሰ ኃይል የሚቀበልበት መንገድና ሞተሩ በትክክል መያያዛቸውን ነገረን ማለት ነው። ዲኮደሩ የሚመልሰው ሞተሩን ለቅጽበት በማንቀጥቀጥ ስለ ሆነ የሞተሩ ሽቦ የተበጠሰ እንደ ሆነ መልስ አይመጣም። መልስ ካልመጣም ወደ ዋናው ሐዲድ አይሄድም፤ ወደ ጠረጴዛው ይመለሳል።

ዋናውም ሐዲድ ራሱ ይመርመር። ባቡር ሳይኖርበት የ1 ብር ሳንቲም በሁለቱ ሐዲዶች ላይ አጋድመን ብናስቀምጥ የማዘዣ ሣጥኑ ወዲያውኑ ኃይሉን መቍረጥ አለበት። ይህን ምርመራ ከሣጥኑ ራቅ ባለው የሐዲድ ጫፍም መድገም ነው። ካልቈረጠ ወደ ሐዲዱ የሚሄደው ሽቦ ቀጥኗል ወይም መገጣጠሚያው ላልቷል፤ እውነተኛ ኮንታክት በተፈጠረ ቀን ሣጥኑ ሳያውቅ ባቡሩ ይቃጠላል።

ከዚህ በኋላ የሚያጋጥሙትን ሕመሞች ከነምልክታቸው እንዘርዝር።

አንደኛ፥ ባቡሩ ፈጽሞ ዝም ያለ እንደ ሆነ። መጀመሪያ የተሰጠው ቁጥርና የሚጠራበት ቁጥር አንድ መሆናቸው ይታይ። በማይታወቅ ስም የተጠራ ልጅ አቤት አይልም። ቁጥሩ የጠፋ እንደ ሆነ፥ በብዙ ዲኮደሮች ላይ ሲ.ቪ. 8 በተባለው መዝገብ 8 ቁጥርን ብንጽፍ ዲኮደሩ ከፋብሪካ እንደ ወጣ ይሆናል፤ ቁጥሩም ወደ 3 ይመለሳል።

ሁለተኛ፥ ሎኮሞቲቩ ሐዲዱን እንደ ነካ ማዘዣ ሣጥኑ ኃይል የሚቈርጥ እንደ ሆነ። ይህ ኮንታክት ነው። ቀይና ጥቁር ሽቦ የሚነካኩበት፥ ወይም ዲኮደሩ ሻንሲውን የነካበት፥ ወይም መንኰራኵሮቹ ተገልብጠው የገቡበት ቦታ ይፈለግ። ክዳኑ ሲነሣ የሚሠራ፥ ሲገጠም የሚቈርጥ ከሆነ ክዳኑ አንድ ሽቦ ይጫናል ማለት ነው።

ሦስተኛ፥ ባቡሩ የሚሄድ ነገር ግን መብራቱ የማይበራ እንደ ሆነ። ዲኮደሩ 8 እግር ባለው ስፒና የሚሰካ ከሆነ ተገልብጦ ተሰክቶ ይሆናል። ስፒናው የተነደፈው ተገልብጦ ቢሰካ ሞተሩ እንዲሠራ፥ መብራቱ ግን እንዲጠፋ ተደርጎ ነው፤ አውጥቶ አዙሮ መሰካት ነው። በሽቦ የተበየደ እንደ ሆነ ደግሞ ሰማያዊው ይታይ። ኤል.ኢ.ዲ. የተባለው አዲሱ መብራት ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ ከተለዋወጡ አይበራም፤ 1000 ኦም የሚሆን ሬዚስተር ሳይጨመርለት ከተያያዘም አንድ ጊዜ በርቶ ለዘላለም ይጠፋል።

አራተኛ፥ ወደ ፊት ሲታዘዝ ወደ ኋላ የሚሄድ እንደ ሆነ። በዚህ ላይ መብራቱን አስተውሉ። ባቡሩ ወደ ኋላ ሲሄድ የሚበራው የፊቱ መብራት ከሆነ የተለዋወጡት ብርቱካናማውና ግራጫው ሽቦ ናቸው፤ እነርሱን መለዋወጥ ነው። መብራቱ ከአካሄዱ ጋር የሚስማማ ሆኖ ትእዛዙ ብቻ የተገለበጠ ከሆነ ግን ካውያ አያስፈልግም፤ ሲ.ቪ. 29 በተባለው መዝገብ ላይ 1 መጨመር ይበቃል። ያለ አገልግሎት የተፈታ ብየዳ የሚመጣው ይህን ባለመለየት ነው።

አምስተኛ፥ ፍጥነት ሲጨመርና ሲቀነስ መብራቱ በርቶ የሚጠፋ እንደ ሆነ። ይህ የሽቦ ሕመም አይደለም፤ የቋንቋ አለመግባባት ነው። ማዘዣው ፍጥነቱን በ28 ደረጃ ሲናገር ዲኮደሩ በ14 ደረጃ ያነባል፤ ወይም ተቃራኒው። ሁለቱ በአንድ የደረጃ ቁጥር እንዲስማሙ ማድረግ ነው።

ስድስተኛ፥ ኃይል እንደ ተለቀቀ ሳይታዘዝ በሙሉ ፍጥነት የሚፈተለክ እንደ ሆነ። ዲኮደሩ ሐዲዱ በጥንቱ አሠራር የሚሠራ መስሎት ነው። በብዙ ዲኮደሮች ሲ.ቪ. 29 ከፋብሪካ ሲመጣ 6 ነው፤ ከዚህ ላይ 4 ቀንሶ 2 ማድረግ ይህን ልማድ ያስተወዋል።

ሰባተኛ፥ እየተንገጫገጨ የሚሄድና በየመገጣጠሚያው የሚቆም እንደ ሆነ። በደጋ ቤት ውስጥ ከምድጃው የሚወጣው ጢስና አቧራ ሐዲዱን በቶሎ ያለብሰዋል። ሐዲዱንና መንኰራኵሮቹን በጥጥና በአልኮል መወልወል፥ ኃይል የሚቀበሉትንም ቀጫጭን ናሶች ማየት ነው። ከሕመሞች ሁሉ የሚበዛው ይህ ሲሆን ከመድኃኒቶችም ሁሉ የሚቀለው የዚህ ነው፤ ስለዚህ ካውያ ከመሞቁ በፊት ጥጥ ይነሣ።

ለነዚህ ሁሉ ሥራዎች የሚሆን አንድ ሕግ አለ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ። ሁለት ሽቦ ነቅሎ፥ መዝገብ ለውጦ፥ ሐዲድ ወልውሎ ባቡሩ ቢሄድ የትኛው እንዳዳነው አይታወቅም፤ ባይሄድም የትኛው እንደ ጨመረበት አይታወቅም። ስለዚህ ልጁ አንድ ደብተር ይያዝ። በደብተሩ ላይ ቀኑን፥ ያየውን ምልክት፥ የለወጠውን አንድ ነገር፥ ከዚያም በኋላ የሆነውን ይጻፍ። የየሽቦውንም መነሻና መድረሻ በቀለም ይሣል። ነገ ሕመሙ ሲመለስ ሐኪሙ ያ ደብተር ነው።

እንግዲህ ጠያቂያችን ወደ ጠየቁን ወደ ሁለተኛው ነገር እንምጣ። ልጁ ይሞክር ወይስ ይከልከል? ክልከላው ከፍቅርና ከስስት እንደ ሆነ እንረዳለን። ዕቃው ከሩቅ አገር በዘመድ እጅ የመጣ ነው፤ በወልድያም ሆነ በደሴ ገበያ ወርደው የሚተኩት አይደለም። እኅትዮዋንም ሦስተኛ ጊዜ ማስቸገር ያሳፍራል። ነገር ግን ያ ልጅ ጭሱን አይቷል። «አንተ አበላሸኸው» የሚል ቃል ባይነገረውም የተቆለፈው ሣጥን ይህንኑ ይነግረዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የተበላሸ ነገር ሲያይ እጁን ይሰበስባል። የልጁ እጅ ፈርቶ ከመቅረቱ ይልቅ የዲኮደሩ መቃጠል የቀለለ ጉዳት ነው።

ስለዚህ እንዲህ ቢደረግ እንመክራለን። ዲኮደሩ በሣጥኑ ተቆልፎ ይቈይ፤ ሎኮሞቲቩ፥ ቴስተሩና ደብተሩ ግን ለልጁ ይሰጡ። በቤቱ ቴስተር የሌለ እንደ ሆነ ከከተማው ሬዲዮና ስልክ ጠጋኞች ለግማሽ ቀን መዋስ ይቻላል። ልጁ መርምሮ ገዳዩን ሲያገኝና በደብተሩ ላይ ሥሎ ለአባቱ ሲያሳይ፥ አባትም በገዛ እጃቸው ቴስተሩን ይዘው ዝም ማለቱን ሲያረጋግጡ፥ ያን ጊዜ ቍልፉ ይከፈት። ይህን ሲያደርጉ ልጁን ከቍጣ ያድኑታል፤ ዕቃውንም ከእሳት ያድኑታል። የሥራ ድርሻም ይለይ። ከግድግዳው የሚመጣው 220 ቮልት ሰው ይገድላልና የአዳፕተሩን ክዳን ማንም ልጅ አይክፈት፤ መሰካትና መንቀል የታላቅ ሰው ሥራ ይሁን። ካውያም ሲሠራበት ታላቅ ሰው ከአጠገብ ይቀመጥ፥ መስኮትም ይከፈት። በሐዲዱ ላይ ያለው ጥቂት ቮልት ግን ለልጅ እጅ የተመጠነ ነው። መብራት እየመጣ የሚሄድ እንደ ሆነም ሥራው እስኪረጋ ይቈይ፤ የመዝገብ ቁጥር እየተጻፈ መብራት ቢጠፋ ዲኮደሩ ግማሽ ትእዛዝ ይዞ ሊቀር ይችላልና።

ነገሩ ከአንድ ቤት የሚያልፍ ስለ ሆነ ጥቂት እንጨምር። የጅቡቲው ምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ በደረሰ ጊዜ በዚያ የጥገና ሥፍራ ተቋቋመ። በዘመኑ ርዝማኔ የአገር ልጆች በዚያ ሙያ ተማሩ፤ መለዋወጫ ከውጭ በማይመጣበት ጊዜ ጉድለቱን መርምረው፥ የጐደለውን በቶርኖ ቀርጸው አሮጌዎቹን ሎኮሞቲቮች ብዙ ዘመን አቈዩአቸው። በሌላ በኩል በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር 41 ባቡሮች ነበሩት፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን በመለዋወጫ ዕጦትና በጥገና ችግር ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቆመው ታይተዋል። በ2007 ዓ.ም. የተጀመረው የአዋሽና የሐራ ገበያ መስመርም በ25 ሺህ ቮልት እንዲሠራ ታስቦ ከተዘረጋ በኋላ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ንብረቱ ብዙ ጉዳት ደርሶበታል።

ባቡር የሚያስመጣ ገንዘብ ነው፤ ባቡር የሚያቈየው ግን መርማሪ ሰው ነው። መለዋወጫ ሲጠፋ ባቡር ይቆማል፤ መለዋወጫ ተገኝቶም የብልሽቱ ምክንያት ካልታወቀ አዲሱ ዕቃ በአሮጌው ምክንያት ይቃጠላል። ቴስተር ይዞ «ይህ መንገድ ከዚያ ተለይቷልን?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ፥ ያንኑ ጥያቄ በ16 ቮልት ፊት ቢማረው ነገ በ25 ሺህ ቮልት ፊት ይጠይቀዋል። እንዲህ ያለ ሰው ከአንድ ቀን ትምህርት አይገኝም፤ በየቤቱ በትንንሽ ዕቃ ላይ ሲለምድ ይገኛል።

ባቡር የሌለው ቤተሰብም ከዚህ የሚወስደው አለ። ሬዲዮ ዝም ሲል፥ የእጅ ባትሪ ሲደክም፥ የቴሌቪዥኑ ዲኮደር ሥዕል ሲነሣ፥ ከመግዛትና ከመተካት አስቀድሞ «ምን ገደለው?» ተብሎ ይጠየቅ። ልጆችም ሲጠይቁ ዝም አይባሉ፤ ደብተርና እርሳስ ይሰጣቸው።